ጉልላተ ዕፅ በምድረ በረድ

በሰሜን አሜሪካ መካከል ከሚገኙት አምስት ታላላቅ ሐይቆች በስፋቱም በጥልቀቱም በውኃውም ቅዝቃዜ የሚበልጠው ሱፒሪየር የተባለው ነው። በዚሁ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በሚሺጋን ግዛት ሰሜናዊ ባሕረ ገብ ምድር ላይ የተቀመጠችው የማርኬት ከተማ ስሟን የወረሰችው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ወንጌልን እየሰበከ በነዚያ ውኃዎች ላይ በታንኳ ሲመላለስ ከኖረው ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከአባ ዣክ ማርኬት ነው። ከተማይቱ ትልቅ አይደለችም፤ ነዋሪዋ 20 ሺህ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ከዓለም የእንጨት ጉልላቶች ሁሉ በወርዱ ቀዳሚ ተብሎ በመዝገብ የሰፈረው የስፖርት አዳራሽ የቆመው በእርስዋ ዘንድ ስለ ሆነ፣ እንዴት ሊቆም እንደ ቻለ ከሥሩ ጀምሬ ለመተረክ አስቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ ስለ በረዶው መናገር ያስፈልጋል። እኛ የደጋ ሰዎች በረዶ ስንል የምናስበው ከነጎድጓድ ጋር ወርዶ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን፣ የባቄላውንም አበባ የሚያረግፈውን ጠጠር ነው፤ የማርኬት በረዶ ግን እንደ ባዘቶ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ፣ ላዩት ሁሉ ክብደት የሌለው የሚመስል ነገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከካናዳ ወገን የሚነሣው ደረቅና ብርዳም ነፋስ በሐይቁ ላይ ሲያልፍ፣ ውኃው የበጋውን ሙቀት ገና ጨርሶ አልለቀቀምና፣ ከበታቹ ሙቀትንና እርጥበትን ይቀበላል፤ ይህንንም ተሸክሞ የዳርቻውን ኮረብቶች መውጣት በጀመረ ጊዜ መሸከሙ ይሳነውና በረዶ አድርጎ ያወርደዋል። በአንድ ዓመት የሚወርደው ሁሉ ቢደማመር 3 ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህ ከባዘቶ የቀለለ የሚመስል ነገር በጣሪያ ላይ ሲከማች፣ ይልቁንም በመጋቢት ወር ዝናብ ሲቀላቀልበት፣ ቤት የሚያፈርስ ሸክም መሆኑን ያላወቀ ጸራቢ በዚያ አገር እንጀራ አይበላም።

የከተማይቱ ታሪክ የሚጀምረው በእንጨት ሳይሆን በብረት ነው። በመስከረም ወር 1844 ዊሊያም በርት የተባለ የመሬት ቀያሽ ከጓደኞቹ ጋር ዱሩን እየለካ ሲጓዝ፣ የኮምፓሱ መርፌ ሰሜንን መጠቆም ትቶ ወዲያና ወዲህ ይዋልል ጀመር፤ ምክንያቱን ቢመረምሩ ከእግራቸው በታች የብረት ማዕድን ሞልቶ ተገኘ። በ1849 ከተማይቱ ተቆረቆረች። ማዕድኑን በመርከብ የሚጭኑበት ወደብ ተሠራ፤ ቆፋሪዎችም ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል፣ ከፊንላንድና ከኢጣሊያ እየመጡ ሰፈሩ። ዱሩም አልተረፈም፤ ለጉድጓዱ ድጋፍ፣ ለማቅለጫው ከሰል፣ ለቤቱም ሳንቃ እየሆነ ተመነጠረ።

በዚያን ዘመን እንጨት ለዚህ አገር ሰው ሲሳይም መቅሠፍትም ነበረ። ከማርኬት ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ፔሽቲጎ የምትባል በሳንቃ ሥራ የምትኖር ከተማ ነበረች፤ ቤቷ እንጨት፣ የእግረኛ መንገዷ ሳንቃ፣ መሬቷም ሰጋቱራ ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 1871 ማታ፣ ከረዥም ድርቅ በኋላ በዱሩ ውስጥ ሲጤስ የሰነበተው እሳት ብርቱ ነፋስ አግኝቶ ተነሣና ከተማይቱን በአንዲት ሌሊት አመድ አደረጋት። በእርስዋና በአካባቢዋ የሞተው ሰው ከ1,200 እስከ 2,500 ይገመታል። በዚያችው ሌሊት ታላቋ ቺካጎም ስለ ተቃጠለች የዓለም ጆሮ ሁሉ ወደ ቺካጎ አዘነበለ፤ በዚያ የሞተው 300 ያህል ሲሆን ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል፣ የፔሽቲጎን ግን የአካባቢው ሰውና የታሪክ ተመራማሪ ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ከተማ አትርሳት፤ ወደ እርስዋ እንመለሳለንና።

በ1899 በማርኬት አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እየሰፋ ሄዶም በ1963 የሰሜን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። በዚሁ መካከል ግን ነገራችን ባሕር ተሻግሮ ወደ ጀርመን ይወስደናል።

የዛፍ ግንድ ምንም ቢገዝፍ ከርዝመቱና ከውፍረቱ የሚበልጥ ወራጅ አይወጣውም፤ ይህንንም ቢሆን አንጓ ያደክመዋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ጎጆ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቤቱ በሰፋ ቁጥር በመካከል ምሰሶ ማቆም ግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በቫይማር ከተማ ይኖር የነበረው ኦቶ ሄትዘር የተባለ ጸራቢ ግን ከዚህ ችግር መውጫ አገኘ። ግንዱን በቀጫጭኑ ሰንጥቆ፣ አድርቆ፣ የአንዱ አንጓ ከሌላው አንጓ ጋር እንዳይገጥም አድርጎ እየነባበረ፣ ከወተት በሚወጣ ሙጫ አጣብቆ፣ ሙጫውም ሳይደርቅ በቅርጽ ላይ አጉብጦ በማሰር፣ ከአንድ ዛፍ ሊገኝ የማይችል ርዝመትና ጉብጠት ያለው ቅስት ሠራ፤ በ1906ም ለዚሁ ጥበቡ የባለቤትነት መብት ተሰጠው። በደመ ነፍስ ከሚታሰበው በተቃራኒ፣ የተቆራረጠው እንጨት ካልተነካው ግንድ ይልቅ ታማኝ ሆኖ ተገኘ፤ የእያንዳንዱ ሳንቃ ነውር በጎረቤቱ ጤንነት ይሸፈናልና።

ይህን ጥበብ ወደ አሜሪካ ካሻገሩት ዋናው ማክስ ሃኒሽ የተባለ፣ ቀድሞ ከሄትዘር ዘንድ የሠራ መሐንዲስ ነው። ኑሮውን የመሠረተው በዊስኮንሲን ሲሆን፣ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያዎቹ በሙጫ የተጣበቁ ቅስቶች የቆሙትም በ1934 በአንድ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ላይ ነው። የከተማይቱ ስም ፔሽቲጎ ነው! ከእሳቱ 63 ዓመት በኋላ፣ በእንጨት የተቀጣችው ከተማ እንደ ገና በእንጨት አመነች። ቅስቶቹን የሠሩት የጀልባ ሠሪዎች ነበሩ፤ ሳንቃን ማጉበጥ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ አልነበረምና። የግዛቱ የሕንፃ ሹማምንት ግን ሙጫ ጣሪያ ይሸከማል የሚለውን ነገር ለመቀበል ስለ ተሳናቸው፣ ቅስቱ ብረት ካልታከለበት አንፈቅድም ብለው ብረት አስጨመሩበት። በዚያው ግዛት በማዲሰን የሚገኘው የመንግሥት የደን ውጤቶች ቤተ ሙከራ ቅስቶችን እየጫነ ከፈተነና በ1939 ውጤቱን በመጽሐፍ ካወጣ በኋላ ጥርጣሬው እየቀለለ ሄደ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ውኃ የማይፈታው የኬሚካል ሙጫ እንዲስፋፋ ምክንያት ሆነ፤ የወተቱ ሙጫ እርጥበት ሲያገኘው የሚደክም ነበር።

ከዚህ በኋላ የነገሩ አቅጣጫ ወደ ስፖርት ይዞራል። በ1965 በሂውስተን ከተማ አስትሮዶም የተባለው ባለ ብረት ጉልላት ስታዲየም ተከፍቶ፣ ጨዋታ ከፀሐይና ከዝናብ ተከልሎ ሊካሄድ እንደሚችል ለዓለም አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ያለው ስታዲየም የማይመኝ ከተማ አልነበረም፤ ነገር ግን ብረቱ ውድ ነበርና መሐንዲሶች ርካሽ መንገድ ፈለጉ፤ ከተገኙትም መንገዶች አንዱ ነፋስ ነበረ። በ1975 በደቡብ ሚሺጋን በፖንቲያክ ከተማ 80 ሺህ ሰው የሚይዝ ሲልቨርዶም የተባለ ስታዲየም ተከፈተ፤ ጣሪያው ቴፍሎን የተቀባ የመስታወት ክር ጨርቅ ሲሆን፣ ምሰሶውም ቅስቱም ያለ ማቋረጥ በማራገቢያ የሚነፋ አየር ብቻ ነበር። ሐሳቡ ብልኅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በበረዶ አገር ጣሪያን በእስትንፋስ ማቆም፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ በዕድል ላይ ከመገንባት ብዙም አይለይም።

በዚያው በ1975 በማርኬት አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት፣ ኳሱን በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚሮጡበት ጨዋታ በዚያ አገር ከሃይማኖት ቀጥሎ የሚከበር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የዩኒቨርሲቲው ቡድን በ1974 አሥር ጊዜ ተጫውቶ አሥሩንም ተሸንፎ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን አሥራ ሦስት ጊዜ አሸንፎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ በሁለተኛው ምድብ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ቡድን የሚጫወተው ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ ነበር፤ የውድድሩ ወራት ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ማለትም በረዶው በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ከዚያ ድል በኋላ ተመልካቹ በብርድ መንቀጥቀጡን እንደ ዕጣ ፈንታ ሊቀበለው አልፈለገም።

በዚህ ጊዜ በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል እንጨት ዳግመኛ ራሱን ቀና ማድረግ ጀምሮ ነበር። በ1977 በአሪዞና ግዛት በፍላግስታፍ ከተማ፣ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በረዷማ ደጋ፣ በዚያው ከተማ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ወርዱ 153 ሜትር የሆነ የእንጨት ጉልላት አቆመ። በ1983 ደግሞ በዋሺንግተን ግዛት የታኮማ ከተማ፣ ዳግላስ ፈር የተባለው ዛፍ በሚበቅልበት በገዛ ምድርዋ፣ ወርዱ 161 ሜትር ተኩል የሆነ ሌላ አስነሣች። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው፣ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል በታኮማው ጉልላት አናት ላይ አንዲት ግዙፍ አበባ ለመሣል ሐሳብ አቅርቦ እንደ ነበረና ሳይቀበሉት እንደ ቀሩ ነው፤ የከተማ ሽማግሎች ስለ ጣሪያቸው ጥንቁቆች ናቸው።

የ1985 ዓመት ለትረካችን ቁልፍ ነው። በመጋቢት ወር መጀመሪያ በሲልቨርዶም ጣሪያ ላይ ውኃ ያዘለ ከባድ በረዶ ወረደ፤ ጨርቁ ተቀደደ፣ አየሩም ወጥቶ ጣሪያው ወደ ሜዳው ተንጠለጠለ። በዚያ ይጫወት የነበረው የዲትሮይት የቅርጫት ኳስ ቡድን የዓመቱን ቀሪ ጨዋታ ለመጨረስ ሌላ አዳራሽ መጠጋት ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኦሎምፒክ ኮሚቴ፣ ስፖርተኞች ልምምዳቸውን ሳያቋርጡ ትምህርታቸውን የሚከታተሉበት ማዕከል በማርኬቱ ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ ይህም ሰፊ አዳራሽ የመሥራቱን አሳብ ከምኞት ወደ ጉዳይ አሸጋገረው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጄምስ አፕልቤሪ ጉዳዩን ሲገፋ፣ በግዛቱ ምክር ቤት ደግሞ ገንዘብ የመመደብ ሥልጣን ያለው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዶሚኒክ ጃኮቤቲ የዚያው አገር ሰው ነበረ፤ ከማርኬት አጠገብ ባለችው በኔጎኒ ተወልዶ፣ የማዕድን ሠራተኛ ሆኖ ኑሮውን የጀመረ፣ ለ40 ዓመት ያህልም በምክር ቤቱ ወንበር ላይ የኖረ ነው። ሩቅ ሆኖ በዋና ከተማው ሲረሳ የኖረ አገር፣ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘ ልጅ ሲኖረው ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሥራው ሲያልቅ ወጪው 21.8 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። 20 ሺህ ሰው ለሚኖርባት ከተማ ይህ ገንዘብ ብዙ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ሕንፃውን ከነአሠራሩ ካወቀው በኋላ ይፍረድ።

ሕንፃው እንዲህ ነው። ከዳር እስከ ዳር 163 ሜትር ወርድ፣ ከመሬት እስከ አናቱም የአሥራ አራት ፎቅ ቁመት አለው፤ ከሥሩ የሚከልለው መሬት ከ2 ሔክታር ይበልጣል፣ ይህም በእኛ ልማድ ስምንት ጥማድ ያህል ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ምሰሶ አልቆመም። ጣሪያውን የሚሸከሙት በሙጫ የተጣበቁ 781 የዳግላስ ፈር ወራጆች ሲሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የተነጠፈው የጣውላ ልባስ በአንድ መስመር ቢዘረጋ 174 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ የተነሣ ዝዋይ ደርሶ የሚተርፈው ማለት ነው። ወራጆቹ የሄትዘርን ጥበብ በመከተል በልክ የጎበጡ ሆነው፣ ሦስት ሦስቱ እየተገናኙ ጉልላቱን በሦስት ማዕዘን መረብ ይሸፍኑታል። ሦስት ጉልቻ ድስትን ሳያንገዳግድ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ሦስት ማዕዘንም ጎኖቹ ካልተሰበሩ በቀር ቅርጹን አይለውጥም፤ አራት ማዕዘን ግን ቢገፉት ይንሻፈፋል። በረዶው ከላይ ሲጫን ወራጆቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ እንጨት ደግሞ በጭረቱ አቅጣጫ መገፋትን የመቻል ኃይሉ ታላቅ ነው። ይህ ግፊት ከወራጅ ወደ ወራጅ እየተላለፈ ወደ ታች ወርዶ የጉልላቱን ግርጌ ወደ ውጭ ሊከፍተው ሲሞክር፣ በዙሪያው የታሰረው ቀለበት እንደ መቀነት ጨብጦ ይይዘዋል። እንግዲህ ሸክሙ በጨመረ ቁጥር ሕንፃው ይበልጥ ይተሳሰራል፤ የነፋሱ ጣሪያ ግን ሸክሙ በጨመረ ቁጥር እስትንፋሱ ይቆረጣል።

መሐንዲሶቹ የወሰኑለት የበረዶ ሸክም በአንድ ካሬ ሜትር 290 ኪሎ ያህል ነው። ይህ በጠቅላላው ወለል ልክ ቢባዛ ከ6,000 ቶን ይበልጣል፤ ነፋሱም በሰዓት እስከ 128 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ እንዲቋቋም ሆኖ ተሰልቷል። የፔሽቲጎን ነገር የሰማ አንባቢ፣ እሳቱስ ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቀጭን ሳንቃ እንደ ጭራሮ ይነዳል፤ ወፍራም ወራጅ ግን ላዩ ሲቃጠል የሚፈጠረው ከሰል ራሱ ለውስጡ መከለያ ስለሚሆነው፣ እሳቱ በአንድ ደቂቃ ከአንድ ሚሊሜትር የማይሞላ እየበላ በዝግታ ይሄዳል። ብረት ግን አይቃጠልም ቢባልም፣ ሙቀቱ 550 ዲግሪ ሲደርስ ከኃይሉ እኩሌታ ያህል ያጣና ይለምጣል።

ሕንፃው መስከረም 14 ቀን 1991 ተከፈተ። በሐይቁ ስም ሱፒሪየር ዶም ተባለ፤ ሕዝቡ ግን ዩፐር ዶም ይለዋል፤ ዩፐር ማለት የዚያ ባሕረ ገብ ምድር ሰው ራሱን በፍቅርም በጨዋታም የሚጠራበት ስም ነው። ወንበሩ 8,000 ሰው ያስቀምጣል። የታኮማው ጉልላት እስከዚያ ቀን የያዘውን የወርድ ክብር የተቀበለው በ1.8 ሜትር ብልጫ፣ ማለትም በአንድ ረዥም ሰው ቁመት ነው! በውስጡ ሣር መሰል ምንጣፍ ተነጥፎለት ነበር፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ሲነሣ ከሥሩ የመሮጫ መስመር፣ የቅርጫት ኳስና የቴኒስ ሜዳ ይገኝ ነበር። በክረምት ውጭ መሄድ ያቃታቸው የከተማይቱ ሽማግሎች በዙሪያው ይመላለሱበታል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም ዲግሪያቸውን የሚቀበሉት በዚሁ ጉልላት ሥር ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ቀና ብሎ የወራጆቹን መረብ ሲመለከት የሚያየው ያልተቀባና ያልተደበቀ እንጨት ነው፤ ሐናጺዎቹ ይህን ሳይሸፍኑ በመተዋቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ በጃፓን አኪታ አውራጃ፣ እርሱም በረዶ የሚበዛበት አገር ነው፣ የኦዳቴ ከተማ ቶዮ ኢቶ በተባለው ሐናጺ አሳብ ሌላ ታላቅ የእንጨት ጉልላት አቆመች። የእንቁላል ቅርጽ ያለው ይህ ሕንፃ ርዝመቱ 178 ሜትር፣ ቁመቱ 52 ሜትር ሲሆን፣ የተሠራውም ከ25 ሺህ የአኪታ ሴዳር ዛፎች ነው። ኦዳቴ፣ ጌታው ከሞተ በኋላ በባቡር ጣቢያ በር ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረው የታማኙ ውሻ የሃቺኮ የትውልድ ስፍራ ስለሆነች፣ ስታዲየሙ ዛሬ በውሻው ስም ይጠራል።

የነፋስ ጣሪያዎቹ ፍጻሜ ግን ሌላ ሆነ። ታኅሣሥ 12 ቀን 2010 ከንጋት በፊት በሚኒያፖሊስ ይገኝ የነበረው፣ ሜትሮዶም የተባለው ስታዲየም የነፋስ ጣሪያ፣ 43 ሴንቲ ሜትር በረዶ ከወረደበት በኋላ ተቀዶ፣ የተከማቸው በረዶ እንደ ፏፏቴ ወደ ሜዳው ፈሰሰ፤ ሰው ባይጎዳም፣ በውስጥ ተተክለው የነበሩ ካሜራዎች ሁሉን ቀርጸውት ዓለም አየው። ስታዲየሙ በ2014 ፈረሰ። ሲልቨርዶም ደግሞ ከተተወ በኋላ ጣሪያው ተቀዳዶ፣ ሜዳው በዝናብና በበረዶ ተበላሽቶ ሲኖር፣ በታኅሣሥ 2017 በፈንጂ ሊያፈርሱት ቢሞክሩ በመጀመሪያው ቀን እምቢ ብሎ በማግሥቱ ወደቀ።

የማርኬቱ ጉልላት ቆሞ አለ። በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ የተማሪያቸው ቁጥር አንሶ አሥራ አንድ ልጅ ለማሰለፍ ያልቻሉ የሚሺጋን ታናናሽ የገጠር ትምህርት ቤቶች፣ ስምንት ስምንት ሆነው የሚጫወቱበት የፉትቦል ሻምፒዮና የሚፈጸመው በዚሁ በእንጨቱ ጣሪያ ሥር ነው።